ከፊልም የተወሰደ የሚመስል ሥዕል ነፃ ዲስትሮ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ሰማያዊ_ብሩሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የተሠራ አንድ አነስተኛ ዲስትሮ (ተዘጋጅቶ በነፃ የሚሰራጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። የእኔ ድርሻ ዓይን ላይ የሚያርፈው ነገር ነው። ዎልፔፐሩ፣ የመግቢያው ስክሪን፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው ሥዕል፣ እነዚህን ነው የምይዘው። ለሚቀጥለው ቨርዥን አዲስ ገጽታ ይፈለጋል ብለን ጥሪ አውጥተን ነበርና ሁለት ሥራዎች መጡልን። ሁለቱም ልብ ይሰርቃሉ። ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ላይ አንድ የጠፈርተኛ አሻንጉሊት ቆሟል። ነጭ ልብስ፣ ሐምራዊ ቆብ፣ ጭንቅላቱ ላይ የመስታወት ክዳን፣ ደረቱ ላይ ባለቀለም ቁልፎች። የደረቱ ምልክት ብቻ ተነስቶ የእኛ ሎጎ ገብቶበታል። ቶይ ስቶሪ የሚባለውን የአኒሜሽን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ገና ዓይኑ ሲያርፍበት «ባዝ ላይትየር!» ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው ጥቁር መደብ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚዘንቡ አረንጓዴ ፊደላት ነው፣ ልክ በ1999 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው ማትሪክስ ፊልም ላይ እንዳለው። መሃሉ ላይ ደግሞ የዲስትሯችን ስም የፊልሙ ርዕስ በተጻፈበት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፏል።

ሁለቱም ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሰጡን በሲሲ ባይ ኤስኤ ፈቃድ ነው፣ የሠሪውን ስም የጠቀሰና የቀየረውን በዚያው ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው። ከቡድናችን ግማሹ «ፈቃዱ አለ፣ በቃ እናስገባ» ይላል። ትልቁ መከራከሪያቸው ዴቢያን ራሱ ነው። ዴቢያን ከ1996 ጀምሮ የቨርዥኖቹን ስም የሚያወጣው ከቶይ ስቶሪ ገጸ ባሕርያት ነው። ባዝ፣ ሬክስ፣ ዉዲ፣ ጄሲ፣ በ2025 ደግሞ ትሪክሲ። «እነሱ ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠቀሙ ምን ሆኑ? እኛ አንድ ሥዕል ብናስገባ ምን ይመጣብናል?» ነው የሚሉት።

እኔ ግን ውስጤ እሺ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ለነሱ ማስረዳት አቃተኝ እንጂ። ስም መጠቀምና ሥዕል መጠቀም አንድ ነው? ሠዓሊው የሰጠን ፈቃድስ ብቻውን ይበቃል? የምታውቁ ብትነግሩኝ።


ተርሚናል24፦

አስገባው ወንድሜ። ገንዘብ አታገኙበትም፣ ተጠቃሚያችሁም የዓለም ሕዝብ አይደለም። የፊልም ኩባንያ እናንተን ብሎ ጠበቃ የሚያቆምበት ምክንያት አይታየኝም። ቢበዛ አንድ ኢሜይል ይመጣል፣ ያኔ ታወጡታላችሁ። ሥዕሎቹ ፊልሞቹን ከሚወዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሰው የወደደውን ነገር ቢስል ስርቆት አልለውም።


ፓኬጅ_ሠሪ፦

«ያኔ ታወጡታላችሁ» የሚለው በአፍ ሲነገር ነው የሚቀለው። የመጫኛ ፋይል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ሚረሮች (ኮፒውን የሚይዙ ሌሎች ሰርቨሮች) ላይ ይቀመጣል፣ በቶረንት ይዞራል፣ አንዱ ወስዶ የራሱን ዲስትሮ ይሠራበታል፣ ሌላው ፍላሽ ላይ ጭኖ ይሸጠዋል። ኢሜይሉ ለእናንተ በሚደርስበት ቀን ሥዕሉ እናንተ የማታውቁት ብዙ ቦታ ገብቷል። ያወጣችሁት ከራሳችሁ ሰርቨር ብቻ ነው።

አሁን ውሃ ከጥሩ ነገር ከሥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንለው «እንከሰሳለን ወይ?» ነው። እኔ ፓኬጅ (ዲስትሮ ውስጥ የሚገባ የሶፍትዌር ጥቅል) ስሠራ ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህን ነገር ለሌላ ሰው የመስጠት መብት አለኝ? ነፃ ሶፍትዌር ስታወጣ ለማታውቀው ሰው ቃል እየገባህ ነው። ውሰደው፣ ቀይረው፣ አባዛው፣ ከፈለግህም ሽጠው እያልከው ነው። ሰውየው ቃልህን አምኖ ሥራ ይጀምርበታል። ቲሸርት ላይ ያትመዋል፣ የልጆች ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ይሸጠዋል። ደብዳቤው የሚመጣው ምናልባት ለእሱ ነው፣ ላንተ አይደለም። አንተ በነፃ ስለሰጠህ ማንም አልነካህም፣ እሱ ግን ሸጧልና ይጠየቅበታል። ይሄ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ስለ ሠዓሊው ፈቃድ ለጠየቅኸው፤ ሠዓሊው ፈቃድ መስጠት የሚችለው የራሱ በሆነው ላይ ብቻ ነው። ብርሃኑ፣ የቀለም ምርጫው፣ የኋላው ሰማይ የሱ ሊሆን ይችላል። ገጸ ባሕርይው ግን የሱ አይደለም። ተከራይ የተከራየውን ቤት ቀለም ቀብቶ ሊያሳምረው ይችላል፣ ሊሸጠው ግን አይችልም። ከፋይሉ ጎን የተቀመጠው የሲሲ ወረቀት የቤቱን ባለቤት አይቀይርም።

ዴቢያን በ1997 ያጸደቀው የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው፣ የእናንተም ዲስትሮ መሠረቱ እሱ ስለሆነ። እንደልብ መባዛት አለበት፣ መቀየር መቻል አለበት፣ ለንግድ ነው ለትምህርት ነው ብሎ አጠቃቀም መለየት የለበትም። ስምንተኛው ነጥብ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ መብቱ ለዴቢያን ብቻ የተሰጠ መሆን የለበትም ይላል። ስለዚህ ስቱዲዮው ነገ ተነስቶ «እናንተ ተጠቀሙበት፣ ደስ ብሎናል» ብሎ ቢጽፍላችሁ እንኳ አይበቃም። የተፈቀደው ለእናንተ ነው፣ ከእናንተ ለሚወስደው ሰው አይደለም።

የስሙ ነገር ሌላ ነው። ስም፣ ርዕስና አጭር ሐረግ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት አያገኙም። ሊከለከል የሚችለው በንግድ ምልክት ሕግ ነው፣ እሱ ደግሞ በዋናነት የሚያየው ሰው ይደናገራል ወይ የሚለውን ነው። ትሪክሲ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰው ከፊልም ስቱዲዮ የመጣ ነው ብሎ አያስብም። የዴቢያን ስሞች ታሪክም ደስ ይላል። ያኔ ፕሮጀክቱን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ ፊልሙን በሠራው ፒክሳር ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ ፊልሙም ገና በ1995 መውጣቱ ነበር። ሁልጊዜ ያልተረጋጋው ቅርንጫፍ ሲድ የሚባለውም በፊልሙ ላይ አሻንጉሊት እየሰበረ በሚያስቸግረው የጎረቤት ልጅ ስም ነው። የወሰዱት ግን ስም ነው። ገጽታዎቻቸውን እዩ። የስኩዊዝ ስፔስ ፈን፣ የጄሲ ላይንስ፣ የቡክዎርም ኤመራልድ፣ የትሪክሲ ሴራቶፕሲያን። ትሪክሲ በፊልሙ ላይ ባለሦስት ቀንድ ዳይኖሰር ናት። ገጽታው ስሙን ያገኘው ባለቀንዶቹ ዳይኖሰሮች በሳይንስ ከሚጠሩበት የወገን ስም ነው። ዳይኖሰር ደግሞ የማንም አይደለም።

ለቡድንህ አንድ ነገር ንገራቸው። ይሄው ዴቢያን በ2006 የፋየርፎክስን ስም ወደ አይስዊዝል ቀይሮ 10 ዓመት ቆይቷል፣ እስከ 2016። የጠቡ መነሻ የሎጎው ፈቃድ ነፃ አለመሆኑ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ብራውዘር በሌላ ስም ለማቅረብ እስከመድረስ የሄዱት በአንዲት ትንሽ ሥዕል ተነስተው ነው። «ዴቢያን እኮ» ለሚሉት ይህም ዴቢያን ነው።


ቬክተር፦

እኔ ሥዕሉን ከሚሠሩት ወገን ነኝ፣ ሕጉን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ግን ከሰዓሊ በኩል የማውቀውን ልንገርህ።

የዛሬ ብዙ ዓመት ለአንድ ዲስትሮ የመጀመሪያ ሥራዬን ላክሁ። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከምወደው ፊልም አንድ ፍሬም አውጥቼ ከሥር አስቀመጥኩ፣ ከላዩ በፔን ቱል መስመር በመስመር ተከተልኩ፣ ከዚያ የሥሩን ደበቅሁ። በራሴ እጅ ነው የሠራሁት፣ እያንዳንዷን ጠብታ ብርሃን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት፣ ስለዚህ የኔ ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ሥራውን የተቀበለችው ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትጀምሪ ስክሪንሽ ላይ ምን ነበር?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ሥዕሉን በጨዋ ደንብ መለሰችልኝ፣ አልተቀበለችውም። በጣም ከፋኝ፣ ለሁለት ወር ብሩሽ አልነካሁም። አሁን ግን አመሰግናታለሁ። ያ ሥዕል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሰው የሚያደንቅልኝ የሌላ ሰው ሥራ ይሆን ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርግ። የመጀመሪያውን ፋይል በኢንክስኬፕ (የመሳያ ፕሮግራም ነው) ክፈትና የሌየሮቹን (የተደራረቡትን ንብርብሮች) ዝርዝር እይ። ዓይኗ የተከደነች፣ ማለትም የተደበቀች ሌየር ካለች ክፈታት። የፋይሉንም ክብደት እይ። መስመርና ቅርጽ ብቻ ያለበት ኤስቪጂ (የመስመር ሥዕል ፋይል) አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ሜጋባይቶች ከሆነ ውስጡ ፎቶ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። በቴክስት ኤዲተር ብትከፍተውም ይታያል፣ ማለቂያ የሌለው የፊደልና የቁጥር ጎርፍ ካየህ ያ የተቀበረ ምስል ነው።

ካገኘህ ደግሞ ሠዓሊውን አታሳፍረው። እንደ ወንጀለኛ አትጻፍለት። አብዛኞቻችን መሳል የተማርነው በመቅዳት ነው። «ከዚህ ፊልም ላይ የወደድከው ምንድነው?» ብለህ ጠይቀው። ሐምራዊውን ቆብ ነው የወደደው? አይመስለኝም። የወደደው ሰው ሳያይ አሻንጉሊት ይነሳል የሚለውን ሐሳብ ነው፣ የፕላስቲኩን ብልጭታ ነው፣ ማታ ክፍል ውስጥ በር ስር የምትገባውን ቀጭን ብርሃን ነው። እነዚህ የማንም አይደሉም። የጠፈርተኛ አሻንጉሊት ደግሞ ከፊልሙ ብዙ ዓመት በፊት በቆርቆሮ ይሠራ ነበር፣ ጀርባው ላይ ቁልፍ እየተጠመዘዘ የሚራመድ። ፊልሙን ይዝጋው። ለአንድ ሳምንት አንድም ፍሬም አይይ። ከዚያ የቆርቆሮ አሻንጉሊት ፎቶዎችን ከተለያየ ቦታ ሰብስቦ፣ የትኛውንም ሳይገለብጥ፣ ምን እንደሚያመሳስላቸው አይቶ የራሱን ይሳል። ከመጀመሪያው የሚያምር ይወጣዋል፣ እኔ ላይ ስለደረሰ ነው የምነግርህ።


ተርሚናል24፦

ፓኬጅ_ሠሪ፣ ስለ ኋለኛው ሰው ያልከው ገብቶኛል፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጣጠም አለኝ። ኤክስስክሪንሴቨር በሚባለው የስክሪን ማሳረፊያ ፕሮግራም ውስጥ የማትሪክሱ የፊደል ዝናብ ከ20 ዓመት በላይ አለ። ማብራሪያው ላይ ከፊልሙ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ያንኑ ዝናብ ተርሚናል ላይ የሚያሳየው ሲማትሪክስም ዴቢያን ውስጥ አለ፣ ማንም በአንድ ትእዛዝ ይጭነዋል። ያ ከተፈቀደ ይሄ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድነው? ወይ ሁለቱም ይግቡ ወይ ሁለቱም ይውጡ።


ፓኬጅ_ሠሪ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ሁለቱን ሥዕሎች ይለያያቸዋል።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው፣ ሐሳቡን አይደለም። ይህ የአንድ አገር ሕግ ብቻ አይደለም። ትሪፕስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። «ፊደላት እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የፊተኛው ይደምቃል፣ የኋላው ይደበዝዛል» የሚለው ሐሳብ ነው። አረንጓዴ በጥቁር ላይ መጻፍ ደግሞ የብዙ የድሮ ሞኒተሮች መልክ ነበር። እነዚያ ፕሮግራሞች ከፊልሙ ቆርጠው የለጠፉት ምስል አይደለም የሚያሳዩት፤ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ጠብታው በየት እንደሚጀምር፣ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚጠፋ ኮድ ጽፎላቸዋል። ፊልሙ ላይ ያለው ፊደልም ቢሆን በአብዛኛው ካታካና ነው፣ የጃፓን ሕዝብ በየቀኑ የሚጽፍበት። የፊልም ንብረት አይደለም።

ስለዚህ በኔ እይታ ሁለተኛው ሥዕል ይድናል፣ መሃሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ከወጣ። የፊልሙን ርዕስ አጻጻፍ አስመስሎ የራስን ስም መጻፍ «እኛና እነሱ አንድ ነን» ከማለት አይለይም፣ የንግድ ምልክት ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው። የተጠቀመበትን ፎንትም ጠይቁት። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚወርድ የፊልም ፎንት ሁሉ ነፃ ፈቃድ የለውም፣ አብዛኛው «ለግል ጥቅም ብቻ» ነው የሚለው። እሱ ብቻውን ከዲስትሮ ያስወጣዋል።

የመጀመሪያው ግን አይድንም። ገጸ ባሕርይ በደንብ ተሠርቶ ከወጣ ራሱን ችሎ ይጠበቃል። ለርንድ ሃንድ የሚባለው የአሜሪካ ዳኛ በ1930 የወሰነው ውሳኔ ላይ መለኪያውን አስቀምጦታል፣ ገጸ ባሕርይው በቀለለና በተለመደ ቁጥር ጥበቃው ይቀንሳል የሚል። «አንድ ጠፈርተኛ» ማንም ሊስለው ይችላል። ነጭ ልብስ ከሐምራዊ ቆብ፣ ከክብ መስታወት፣ ከዚያ ሰፊ አገጭ፣ ከነዚያ ቁልፎች ጋር አንድ ላይ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ የባትማንን መኪና አስመስሎ እየሠራ ይሸጥ የነበረ ሰው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሸንፏል። እሱ ሥዕል እንኳ አልገለበጠም፣ እውነተኛ መኪና ነው የሠራው። ፍርድ ቤቱ ያየው በታየበት ሁሉ ያው መሆኑ የሚታወቅ፣ የራሱ ልዩ መልክ ያለው ነገር ነው ወይ የሚለውን ነው። የእናንተን ሥዕል አንተ ራስህ «ሁሉም ሰው ባዝ ላይትየር ነው ይላል» ብለሃል። መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ ነበር።


ሰማያዊ_ብሩሽ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን አንብቤ ለቡድኑ ላክሁላቸውና ሦስት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛው «ፌር ዩዝ ነው፣ ለበጎ ዓላማ ነው የምንጠቀመው» የሚል። ሁለተኛው «በኤአይ ብናሠራው የማንም አይሆንም» የሚል። ሦስተኛው ደግሞ የ1928ቱን ሚኪ ማውስ እንጠቀም የሚል ነው፣ እሱ ነፃ ወጥቷል ስለተባለ። ምን ልበላቸው?

ቬክተር፣ እህቴ፣ ፋይሉን ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ።


ሕግ_አንባቢ፦

ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ይህን ነገር ለዓመታት ስከታተል ኖሬአለሁ።

ፌር ዩዝ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንዳንድ አጠቃቀምን የሚፈቅደው፣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ብዙ አገሮች እንዲህ ሰፊ የሆነ የላቸውም፣ ያላቸው የተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። የእናንተ ዲስትሮ ደግሞ ሁሉም አገር ይወርዳል። ከዚያም በላይ፣ ፌር ዩዝ የሚታየው በአጠቃቀሙ ነው። ሥዕሉን ስለፊልሙ በሚተች ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው፣ ያንኑ ሥዕል ለዴስክቶፕ ማሳመሪያ ማዋል ሌላ። አንተን የሸፈነህ ነገር ከአንተ የወሰደውን ነጋዴ አይሸፍነውም። ፈቃድ ቢሆን ከፋይሉ ጋር ይሄዳል፣ ፌር ዩዝ ግን ከሰውየውና ከሥራው ጋር ነው የሚቀረው። ለዲስትሮ መሠረት የማይሆነው ለዚህ ነው። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሠዓሊውን የአንዲ ዋርሆልን ጉዳይ ሲወስንም፣ ከፎቶ ተነስቶ በራስ ስታይል መሥራት ብቻውን አያድንም ብሏል፣ ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ጥቅም ሲሸጡ። በቀለም ቀየርነው፣ ሎጎ ጨመርንበት ለሚሉ ሰዎች ይህን አስታውሳቸው።

ኤአይ። ማሽን ብቻውን ያወጣው ምስል አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት አያገኝም፣ ሰው ሠሪ ስለሌለው። ይህ ማለት ግን ውስጡ ያለው ገጸ ባሕርይ ባለቤት አጣ ማለት አይደለም። ባዝ ላይትየርን በእርሳስም ሳለው በኤአይም አሠራው ያው ባዝ ላይትየር ነው። ዲስኒና ዩኒቨርሳል በሰኔ 2025 ሚድጆርኒ የሚባለውን ምስል ሠሪ ኤአይ የከሰሱት በዚሁ ነው፤ ገጸ ባሕርዮቻችንን እያወጣ ይሰጣል ብለው። ዲስኒ የቶይ ስቶሪም ባለቤት ነው። ይህን መንገድ በፍጹም አልመክርም። አንድ ሠዓሊ ከላይ እንደተባለው ሊጠየቅ ይችላል፣ ምን አይተህ ጀመርህ ይባላል። ማሽኑን ማን ይጠይቀዋል?

ሚኪ። እውነት ነው፣ የ1928ቱ ስቲምቦት ዊሊ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ግን ያኔ የወጣው ያ ጥቁርና ነጭ የመጀመሪያው መልኩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መልኮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጊዜ ይጠብቃሉ። የንግድ ምልክትነቱም አልቆመም። ሌላ አገርም ዘመኑ በሌላ ስሌት ይቆጠራል። ዎልፔፐር ለማግኘት ይህን ሁሉ መሸከም ምን ያደርጋል?

የፊልም ገጸ ባሕርይ የግድ ከተፈለገ በገዛ ፈቃዳቸው የተሰጡ አሉ። ብሌንደር ፋውንዴሽን የሠራቸው ፊልሞች ቢግ በክ በኒ በ2008፣ ሲንተል በ2010፣ ቲርስ ኦፍ ስቲል በ2012 ወጥተዋል፣ ሁሉም በሲሲ ባይ። የሠሪዎቹን ስም ጠቅሰህ ቀይረህ መሸጥ ሁሉ ትችላለህ። ከፊልሙ ፋይሎች ጋር ሞዴሎቹ ራሳቸው ተለቀዋል፣ ጥንቸሉን በፈለግህበት ማዕዘን አቁመህ አዲስ ሥዕል ማውጣት ነው። ልብ በሉ፣ ፈቃዱ ላይ ኤንሲ ወይም ኤንዲ የሚል ከተጨመረበት ግን ለዴቢያን ነፃ አይባልም፣ የመጀመሪያው ንግድን ይከለክላል፣ ሁለተኛው መቀየርን።


ቬክተር፦

ሲንተልን ስላነሳህ ደስ አለኝ። እኔ ብርሃን ማስቀመጥ የተማርኩት የነሱን ፋይሎች ከፍቼ ነው። መብራቱ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ስጦታ እያለ የተከለከለውን የምንቀዳበት ምክንያት አይገባኝም።


ሰማያዊ_ብሩሽ፦

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ፋይሉን በኢንክስኬፕ ከፈትሁት። አራት ሌየር ነው ያለው። ሦስቱ ስም አላቸው፣ አራተኛዋ ከሁሉም ሥር ናት፣ ስም የላትም፣ ዓይኗም ተከድኗል። ስከፍታት የፊልሙ ፍሬም ደብዘዝ ብሎ ወጣ። አሻንጉሊቱ በዚያው አቋም፣ ክንዱም በዚያው ማዕዘን። የላይኛው መስመር የሥሩ ላይ ልክ ይገጥማል፣ አገጩ ላይ ብቻ ትንሽ ይስታል። ፋይሉ ከአምስት ሜጋባይት በላይ ነበር፣ ያችን ሌየር ሳጠፋት ሁለት መቶ ኪሎባይት እንኳ አልሞላም። እና ይህን ሁሉ በሲሲ ባይ ኤስኤ ፈቃድ ልናወጣው ነበር፣ የፊልሙን ፍሬም ጨምሮ። ለተጠቃሚው የሚደርሰው ፒኤንጂው (ያለቀለት ምስል) ነው፣ ሶርስ ፓኬጁ (የመነሻ ፋይሎቹ ጥቅል) ውስጥ ግን ኤስቪጂው አለ። ማንም ሊከፍተው ይችላል።

ለሠዓሊው ቬክተር እንዳለችኝ ነው የጻፍኩለት። ምንም አልወቀስኩትም፣ ምን እንደወደደ ጠየቅሁት። መልሱ ረጅም ነበር። ልጅ ሆኖ ያየው የመጀመሪያው ፊልም እንደሆነ፣ አሻንጉሊቱ መብረር እንደማይችል ሲያውቅ የሚያዝንበት ቦታ ላይ እስከ አሁን ሆዱ እንደሚባባ ነገረኝ። ሌየሯን ረስቷት ነው እንጂ ሊደብቀን አልነበረም። ሥዕሉን ራሱ አነሳው። አዲስ ረቂቅም ጀምሯል፤ የዛገ የቆርቆሮ ጠፈርተኛ መስኮት ደፍ ላይ ተጋድሞ ውጭ ያለውን ሰማይ ያያል፣ ጀርባው ላይ የሚጠመዘዘው ቁልፍ ጥላ ግድግዳው ላይ አርፏል። ሐምራዊ የሚባል ነገር የለበትም።

የማትሪክሱን ለሠራው ልጅ ደግሞ ጽሑፉን እንዲያወጣ ነገርነው፣ ወዲያው ተስማማ። ፎንቱም ልክ እንደተባለው ለግል ጥቅም ብቻ የሚል ነበር። አሁን ምስሉን ትቶ ዝናቡን የሚያወርድ አጭር ስክሪፕት እየጻፈ ነው፣ ዎልፔፐሩ በየማሽኑ የተለያየ ሆኖ እንዲወጣ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ፋይሉን አንድ ልጅ ቀደም ብሎ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ላይ አስገብቶት ነበር፣ በተለየ ብራንች (ቅርንጫፍ)። አሁን አጥፍተነዋል፣ ግን ታሪኩ ውስጥ አለ ይላሉ።


ፓኬጅ_ሠሪ፦

አዎ አለ። ማጥፋት አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ነው፣ የድሮውን አይነካም፣ ታሪኩን ወደኋላ የሄደ ሰው ያገኘዋል። ወደ ዋናው ካልተቀላቀለ ዕድለኛ ነህ፣ ብራንቹን ራሱ ሰርቨሩ ላይ ሰርዙትና ኮፒ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ይሰርዝ። ከተቀላቀለ ግን በጊት ፊልተር ሪፖ ፋይሉን ከታሪኩ ማውጣት ይኖርባችኋል፣ ያኔ ፋይሉ ከገባበት ጀምሮ የኮሚቶቹ ቁጥር ስለሚቀየር ለሁሉም አስቀድማችሁ ተናገሩ። የወጣ የሶርስ ታርቦል ካለም እንደገና ጠቅልሉት። ዴቢያን ውስጥ እንዲህ ሲደረግ ቨርዥኑ ላይ ዲኤፍኤስጂ (የነፃ ሶፍትዌር መመሪያው ምህጻረ ቃል) የሚል ይጨመርበታል፣ የሚያየው ሰው የሆነ ነገር ወጥቶ እንደተጠቀለለ እንዲያውቅ።

ለአዲሶቹ ሥራዎችም ኮፒራይት ፋይሉ ላይ ስማቸውንና ዓመቱን ጻፉላቸው። ሠዓሊዎች እዚያ ላይ ይረሳሉ።


ተርሚናል24፦

የቆርቆሮውን ረቂቅ ማየት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ አስገባው ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ይሄኛው ይበልጥ የሚያጓጓ ሆኖብኛል። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን የጨረቃ ነው ወይስ የመንገድ መብራት?


ሰማያዊ_ብሩሽ፦

ገና አልወሰነም። ሁለቱንም ሞክሮ ማታ ይልክልኛል፣ እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ። ብራንቹንም አሁን ሰረዝኩት፣ ወደ ዋናው አልተቀላቀለም ነበር።